በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው፦ ዜሮ

አስከሬኑ የተገኘው ከበሩ ሥር ነበር። ሰውየው በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል፤ የመግቢያ ካርዱን በሁለት ጣቶቹ መካከል እንደያዘ ነው። ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የካርድ ማንበቢያዋ ትንሽ መብራት ቀይ እንደሆነች ቀርታለች።

መርማሪዋ ተንበርክካ እጁን አየች። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል። በሩ ላይ በደረት ልክ ቀለሙ ተፋፍቋል።

«አንኳኩቷል» አለች።

«ማን ሊሰማው? ምድር ቤት ነው፤ ስልክ እንኳ አይሠራም» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ሟቹን ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ጋሼ» ይለው ነበር። የዚያው ትምህርት ቤት የመጋዘን ኃላፊ ነው። ልጆቹን አስተምሮ ሲጨርስ «አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው» ብሎ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ማስተርሱን ሊማር ገባ። የክፍል ጓደኞቹ የልጆቹ እኩዮች ነበሩ። ከሁለቱ ጋር ሆኖ የመመረቂያ ሥራውን የሠራው በዚህችው ክፍል ላይ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሰርቨሮች የሚገኙባትን ክፍል፣ በሯንም ሙቀቷንም የእሳት መከላከያዋንም፣ ፎቅ ላይ ካለ አንድ ስክሪን የሚመራ ሲስተም። ሥራቸውን በመምህራን ፊት የሚያቀርቡበት ዲፌንስ በማግስቱ ነበር።

ሲስተሙ እንዲህ ነው። የሚገባ ሰው ካርዱን ያስነካል፤ የሚወጣም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ከገባው ላይ የወጣውን ቀንሶ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ያውቃል። ሰው ካለ እሳት ማጥፊያው ጋዝ አይለቀቅም። ሰው ከሌለና ጭስ ከታየ፣ ፎቅ ያለው ተረኛ የጋዙን ማቆያ ቁልፍ ተጭኖ ካልያዘው በቀር፣ ይለቀቃል። ጋዙ እሳት የሚያጠፋው አየር በማሳጣት ነው። እሳትንና ሰውን ለይቶ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋዙ ሲለቀቅ ስክሪኑ «በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው፦ ዜሮ» ይል ነበር።

መርማሪዋ ክፍሉን ዞረች። ከመደርደሪያው ሥር አብጦ የጠቆረ አሮጌ ባትሪ አለ፤ ጭሱ የመጣው ከእሱ ነው። አጠገቡ አዲስ ባትሪ ተቀምጧል፤ ላስቲኩ ገና አልተላጠም። በአንድ እጇ ልታነሳው ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጇ አቅፋ ብድግ አደረገችውና መልሳ አስቀመጠችው።

«ይህን ማን አመጣው?»

«ራሱ ጋሼ። ከመጋዘን ብቻውን ተሸክሞ ሲወጣ ዘበኛው አይቶታል።»

«ታዲያ ካርዱን በጥርሱ ነው ያስነካው?»

ፖሊሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። በሟቹ ኮት ኪስ ውስጥ ከነማሸጊያው ያለ፣ ሁለት ሽቦ የወጣለት አረንጓዴ መጫኛ ቁልፍ አገኘች፤ አገላብጣ አየችውና በፌስታል ከተተችው።

*

መጀመሪያ ያነጋገረችው የመመረቂያ ሥራቸውን አማካሪ ዶክተር ነው። ክራባቱን አላልቶ፣ ዐይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ተቀመጠ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ፣ ገና ሳትጠይቀው። «ጋሼ "በሩ ከውስጥ በእጅ የሚከፈትበት ቁልፍ ይኑረው" ብለውኝ ነበር። እኔ "በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል" አልኳቸው።»

«ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነበር?»

«እ... ከተመረቁ በኋላ።»

«ዛሬ ወደ ምድር ቤት ወርደው ነበር?»

«እኔ? እንዴት ብዬ! ካርዴ ከጠፋ ሰነበተ። አንድ ቀን ተማሪዎቹን ተከትዬ ልግባ ብል፣ ጋሼ እጃቸውን በበሩ ላይ ዘርግተው "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያለ ካርድ እናቴም ብትመጣ አትገባም" አሉኝ። በተማሪ ፊት!» ፈገግ ሊል ሞከረ። «ከዚያ ወዲህ ወርጄ አላውቅም። ዛሬም ጭስ አለ ተብዬ ከማስተምርበት ክፍል ወደ ስክሪኑ ነው የሮጥኩት።»

ሁለተኛው ከጋሼ ጋር ሥራውን የሠራው፣ በቁመቱና በቅጥነቱ «ገመዱ» የሚባለው የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ሲገባ መርማሪዋ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ እየገፋች ነበር። ሰላም ሳይላት ጠረጴዛውን ከእጇ ወስዶ ብቻውን አደረሰው። ከዚያ ቆሞ እንዳለ «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ጻፉት» አለ።

«ተቀመጥ መጀመሪያ። ገና አልጠየቅኩህም።»

«ምን ይጠየቃል? ማቆያውን ተጭኜ ይዤው ነበር። ዶክተሩ "ሰው አለ እንዴ?" አሉ። እኔ "ዜሮ ነው" አልኩ። "እንግዲያው ሰርቨሮቹ ሳይነዱ ልቀቀው" አሉኝ። ጣቴን አነሳሁ።» ጣቱን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አየው። «ማንም ያለ አልመሰለኝም፤ በእናቴ።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«ሦስተኛዋ ጓደኛችን፣ ነርሷ። ከጎኔ ቆማ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ስክሪኑን ሁላችንም እያየነው።»

«ከጋሼ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ጥል እንኳ አይባልም። ጭቅጭቅ ነው። "አንዱ ካርዱን አስነክቶ በሩን ሲከፍት ሌላው ተከትሎት ቢገባ ሲስተሙ አያውቀውም። ልውጣ ሲልም 'መቼ ገባህና' ብሎ ይዘጋበታል። ይህን ሳናስተካክል ዲፌንስ አንግባ" አለ። ዲፌንስ ካለፈን ደግሞ የምንመረቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው። "ጋሼ፣ አንተ እኮ ሠርግ ቤት በር ላይ ብትቆም ሙሽራውን ካርድ ትጠይቀዋለህ" አልኩት። ሳቀ። ኋላ ግን "ግድ የለም፣ በዐይናችሁ አሳያችኋለሁ" አለ።»

«ዛሬ ወደ ሰርቨሮቹ ወርደሃል?»

«ሁለታችንም በየተራ ወርደናል። እኔ ጠዋት፣ ነርሷ ከምሳ በኋላ። ጋሼን ግን እዚያ አላገኘሁትም። አግኝቼው ቢሆን...» ሳይጨርሰው ፊቱን ሸፈነ።

መጨረሻ የገባችው የሆስፒታል ነርሷ ናት። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በጎን ነው።

«አንዴ ለሠርጌ አቋረጥኩ፣ አንዴ እናቴን ላስታምም» አለች። «የሆስፒታላችን የመረጃ ክፍል ኃላፊነት ማስተርስ ላለው ነው የሚሰጠው። ልጅ ከመጣ በኋላ ደግሞ ማን ይማራል? በዚህ ሆዴ ደረጃ ስወጣ ስወርድ የከረምኩት ዘንድሮ እንድጨርስ ነው።»

«ጋሼ ይራዘም ሲል ተናደድሽበት?»

«እንደ አባቴ ነበር። ለእኔ ወንበር ሳይስብልኝ ተቀምጦ አያውቅም።»

«ጭሱ ሲመጣ ታዲያ፣ ውስጥ ሰው ያለ መስሎሽ ነበር?»

«ስክሪኑ ዜሮ ይል ነበር።»

«ስለ ስክሪኑ አይደለም የጠየቅኩሽ፣ እኅቴ።»

ነርሷ እጇን ከሆዷ ላይ አላነሳችም። «ሁላችንም ያየነው ዜሮ ነው» አለች።

*

ዲፌንሱ ሊደረግ በታሰበበት ማለዳ መርማሪዋ ሦስቱንም ወደ ምድር ቤቱ አስጠራቻቸው። የጋሼ ባለቤትም ካልመጣሁ ብለው መጥተዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከግድግዳው ተጠግተው ቆሙ። ፖሊሱ በሩን በዋናው ቁልፍ ከፍቶ ቆሟል። መርማሪዋ ግን የለችም።

«ጠርታን የት ሄደች?» አለ ዶክተሩ።

ወዲያው ከኮሪደሩ ጥግ ብቅ አለች። ያን አዲስ ባትሪ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ወገቧን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ እያቃሰተች ትመጣለች።

«ኧረ ተይ፣ እኅቴ!» ገመዱ ደርሶ ነጠቃት። ዶክተሩ እንኳ ሱፉን ረስቶ ከሥር ደገፈው። ሁለቱም ተጋግዘው ወደ ውስጥ አስገቡት። ፖሊሱ ቀደም ብሎ በተነገረው መሠረት በሩን ለቀቀውና እነሱን ተከትሎ ገባ። መርማሪዋም አሮጊቷን ይዛ ገባች። በሩ በራሱ ጊዜ ሊዘጋ ሲመለስ ነርሷ ከውጭ ዘለል ብላ በጀርባዋ ደግፋ ያዘችው። እንዲያ እንደቆመች ቀረች።

«ግቢ እንጂ» አለች መርማሪዋ።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«እሺ፤ በሩን ልቀቂው።»

«አልለቀውም!»

ድምፅዋ በሰርቨሮቹ ጉርምርምታ ላይ ጮሆ ተሰማ። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች መርማሪዋ፣ ቀስ ብላ። «እናቴም ብትመጣ ያለ ካርድ አላስገባም የሚል ሰው ራሱ ያለ ካርድ ገባ። እጁ በባትሪ ተይዞ ነበርና፣ በሩን የከፈተለት ሰው አለ። ማን? ዶክተሩ ካርድ የላቸውም። ገመዱ ከሆነ፣ አሁን እንዳያችሁት፣ በር ይዞ አይቆምም፤ ሸክሙን ይነጥቃል። ትናንት የእኔን ጠረጴዛ እንኳ አልተወልኝም። ባልንጀራው የሆነ ሽማግሌ ብረት ተሸክሞ እያየ በር ብቻ ከፍቶ የሚያሳልፍ ሰው ከመካከላችሁ አንድ ብቻ ነው፤ ልርዳህ ብትለው እንኳ እሱ ራሱ እሺ የማይላት።»

ገመዱ ነርሷን አየ፤ ከዚያ ወለሉን።

«ሌላም አለ። ጋሼ ደንቡን ረስቶ አልገባም። በዐይናችሁ አሳያችኋለሁ ብሎ ነበር። ላይ ወጥቶ ስክሪኑን የሚያይለት፣ ተመልሶም የሚከፍትለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ደግሞ ሁላችሁንም ጠየቅኩ። ገመዱ "ማንም ያለ አልመሰለኝም" አለ። አንቺ ግን ምን እንደመሰለሽ አልነገርሽኝም፤ ስክሪኑ ያለውን ብቻ ነገርሽኝ። መዋሸት አትወጂም፤ ያንን አየሁ።»

ነርሷ ጀርባዋን በበሩ ላይ እንዳስደገፈች ነው። እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርድ ጀመር።

«እኔ ስወጣ እሱ መጣ» አለች። «ልቀበለው እጄን ስዘረጋ "ልጄ፣ አንቺ እንዳትነኪው!" ብሎ ጮኸብኝ። በሩን በጀርባዬ ያዝኩለት። ከገባ በኋላ ሳቀ። "ይኸው፣ ካርድ አላስነካሁም። ውጪና እዪው። ዜሮ ካለ ተመልሰሽ ክፈቺልኝ፤ አንድ ካለ ደግሞ አፌን ይዤ ነገ ዲፌንስ እገባለሁ" አለኝ። ወጣሁ። ዜሮ ይላል።»

«ለምን አልተመለስሽም?»

«ልመለስ ነበር። ደረጃው አድክሞኝ ተቀመጥኩ። ከፈትኩለት ማለት እኮ አመንኩለት ማለት ነው። ዲፌንሱ ቀረ ማለት ነው። ምን ብዬ እንደምለምነው ሳስብ፣ ሳስብ... ጭሱ መጣ።»

«ያን ጊዜስ?»

«ዶክተሩ "ሰው አለ?" አሉ። አፌን ከፈትኩ። ገመዱ ቀደመኝና "ዜሮ ነው" አለ። ቁጥሩን አየሁት። ለአፍታ እኔም እውነት እንዲሆን ፈለግኩ። አንድ ቃል ነበር። ያቺን ቃል ሳላወጣት ጣቱን አነሳ።»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ መልሶ ማድረግ አቃተው። ገመዱ «እኔ ወርጄ ማየት እችል ነበር» አለ፣ ለራሱ።

መርማሪዋ ያን አረንጓዴ መጫኛ ከፌስታሉ አውጥታ ለአሮጊቷ አሳየቻቸው። «እናቴ፣ ይህን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው! ከትናንት ወዲያ ማታ ገበታ ላይ አስቀምጦ ሲያሳየኝ አመሸ። ከውስጥ በእጅ የሚከፍት ነው አለኝ።» አሮጊቷ ወደ ነርሷ ሁለት እርምጃ ተራመዱ። «"ሁለተኛ ምዕራፍ ድረስ ማን ይጠብቃል? ባትሪውን ስቀይር በዚያው እገጥመዋለሁ። ያችን ልጅ አላራዝምባትም፤ ሳትወልድ ትጨርስ" አለኝ። ለአንቺ ነው፣ የእኔ ልጅ። አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም» አለች ነርሷ። ከበሩ ላይ ተንሸራተተች። ገመዱ ሮጦ ደገፋት፤ ያኔም ቢሆን «በሩን! በሩን ያዙት!» ትል ነበር። አሮጊቷ ናቸው የያዙት፤ ሁሉም ወጥተው እስኪያልቁ በጀርባቸው ተደግፈውት ቆሙ።

ፖሊሱ ነርሷን በዝግታ ደረጃውን አወጣት። በስክሪኑ ክፍል ሲያልፉ ለዲፌንሱ የተደረደሩት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ስክሪኑ በርቶ ነበር። ነርሷ ቆመች። ፖሊሱም አልጎተታትም።

«በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው፦ ዜሮ» ይላል።

«አንድ ሰው አለ» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ትናንት ልትለው በሚገባት ድምፅ። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።