ሙሀባና የሐሙሱ ንባብ

ነጅሙዲን ሙሀባን መጀመሪያ ያናገራት ሊቆጣት ሄዶ ነው።

እሱ ሸዋ ሮቢት ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርና ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር። እሷ ገና የተመደበች የአማርኛ መምህርት። የዚያን ቀን አንዲት ተማሪ በእሱ ክፍለ ጊዜ ልቦለድ ደብተሯ ውስጥ ሸጉጣ ስታነብ ያዛት። መጽሐፉን ቀማት፤ ማን እንዳዋሳት ጠየቃት፤ ሙሀባ መሆኗን ሲሰማም በዚያ ሙቀት ግቢውን አቋርጦ መምህራን ማረፊያ ገባ። ሙሀባ ሳታቋርጠው አዳመጠችው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«እርስዎ አንብበውታል?»

«እኔ ልቦለድ አላነብም።»

«እንግዲያው ቅዳሜና እሁድ ያንብቡትና ሰኞ ይቆጡኝ።»

ሰኞ አልተቆጣትም። የባለታሪኳ እናት የምትሞትበት ቦታ ሲደርስ እንዳለቀሰ፣ እሱም እናቱን በልጅነቱ እንዳጣ ነገራት። ለማንም አውርቶት አያውቅም ነበር። እሷም ሌላ መጽሐፍ ሰጠችው።

ሙሀባ ሐሙስ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለንባብ እንዲሆን ስትጠይቅ፣ ርዕሰ መምህሩን ጋሼ ወልደማርያምን ያግባባላት እሱ ነው። ፈተና የለም፣ ማስታወሻ የለም። ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የወደዱትን ልቦለድ ያነባሉ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዷ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ንባቡ ሲያልቅ ሁለቱ አስፋልቱን ይዘው፣ ባጃጁን ትተው በእግራቸው ይሄዳሉ። ስለ መጽሐፍ ይጀምሩና ስለ ራሳቸው ሲያወሩ ይመሻል። አንቱታውም እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ክረምቱ ሲወጣ ማጀቴ ከተማ ወላጆቿ ዘንድ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገራት። አንገቷን ደፍታ «ኢንሻአላህ» አለች።

ክረምቱ ሲወጣ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጣ። ያለፉት ጥቂቶች ነበሩ። ወላጆች ሲሰበሰቡ አንድ አባት ተነሥተው፣ ማሾ ሸጬ ያስተማርኩት ልጄ ዛፍ ሥር ተረት ሲያነብ ከረመ አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ጋሼ ወልደማርያም ነጅሙዲንን ለብቻው ጠርተው፣ አንድ ሰው ተጠያቂ መሆን እንዳለበትና ሙሀባ በዲሲፕሊን ልትከሰስ እንደታሰበ ነገሩት። ለመናቸው። እሷ ከምትከሰስ ንባቡ ይዘጋ አላቸው። ተስማሙ፤ ነገር ግን ሐሳቡን በመምህራን ስብሰባ ላይ የሚያቀርበው እሱ ራሱ እንዲሆን ጠየቁት።

አቀረበው። ሙሀባ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር። የሐሙሱ ንባብ የተማሪዎችን ጊዜ እንዳባከነ ሲናገር ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷ ተነሥታ፣ ያነበቡት ልጆች ካላነበቡት የባሰ እንዳልወደቁ ለማስረዳት ሞከረች። የሰማት አልነበረም። ንባቡ ይዘጋ ሲባል ከእሷ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ፤ ነጅሙዲንም አወጣ።

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሣችም። ዝውውር ጠይቃ እንደተፈቀደላትም ከሰው ሰማ። መናኸሪያ ሲደርስባት የማጀቴው ሚኒባስ ገና እየጫነ ነበር። ክሱንም፣ ልመናውንም፣ ስምምነቱንም አንድ በአንድ ነገራት። ሙሀባ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«ወላሂ ላንቺ ብዬ ነው።»

«አምንሃለሁ» አለችው። እንባዋ እየወረደ ነበር። «ግን ነጅሙ... ለምን አልጠየቅኸኝም? ይክሰሱኝ እልህ ነበር። ለእነዚያ ልጆች ያ ሰዓት ምን እንደነበር አንተ ታውቃለህ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ላገባህ ግን አልችልም። ነገም ለእኔ ብለህ፣ ሳትነግረኝ፣ የምወደውን ነገር አሳልፈህ ትሰጥብኛለህ። እፈራሃለሁ።»

ረዳቱ ተሳፋሪ ግቡ እያለ ጮኸ። ሙሀባ ገባች። በመስኮቱ በኩል እንኳ ዞራ አላየችውም፤ እሱ ግን መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀረ።

በዓመቱ ከኢድ በኋላ ሰርጓ ተሰማ። ቤተሰብ የመረጠላት ኡበይድ የሚባል የማጀቴ ነጋዴ ነው። መምህራኑ መኪና ተከራይተው ሲሄዱ ነጅሙዲን ሊቀር አስቦ ነበር፤ አልቻለም። ሙሀባ እንግዶቹን በየተራ እየተቀበለች መጥታ ከፊቱ ቆመች። ከስታለች፤ ግን ያው ራሷ ናት።

«አሁንም ታነባለህ?» አለችው ቀስ ብላ።

ከሄደች ወዲህ አንድም ልቦለድ አንብቦ አልጨረሰም። ጽሑፉን የሚያነብለት በልቡ የእሷ ድምፅ ስለሆነ፣ አንድ ገጽ መዝለቅ አቅቶታል።

«አነባለሁ» አላት።

ፊቷ በራ። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደሚቀጥሉት እንግዶች አለፈች። ሙሽራው መጥቶ እጁን ሲዘረጋለት ነጅሙዲን ጨብጦ «አላህ በረካ ያድርግላችሁ» አለው። ከልቡ ነበር። ከዚያ ማንም ሳያየው ወጣና የመጡበት መኪና ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አለቀሰ።