የዶክተር ጓንጉል ትል

በማርስ ዙሪያ በምትንሳፈፈው በወለላ ከተማ «የኮሶ ፈቃድ» የወሰደን ሰው የት ዋልክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሌላው ዓለም በቤተ ሙከራ የበቀለ ሥጋ ሲበላ፣ የወለላ ሰዎች ላሞቻችን ካልተጫኑ አንሄድም ብለው ከምድር የወጡ ናቸው። የላሞቹ ሣር በሰው እዳሪ ስለሚዳብር የኮሶ ትሉም አብሮ ይዞራል። ቁርጡን ግን የሚተው አልተገኘም።

ትሉን የምታወጣው «ነቃይ» የምትባል፣ ባቄላ የምታህል ማሽን ናት። ተውጣ አንጀት ውስጥ ትገባና ትሉን ከነራሱ ትነቅለዋለች። ራሱ ከቀረ በሦስት ወር ውስጥ መልሶ ያድጋል። ይህን፣ የነቃይ ክፍል ባለሙያዋ ምንትዋብ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ዶክተር ጓንጉል ዛሬ ለአምስተኛ ጊዜ መጡ። ከመክሳታቸው የተነሳ ኮታቸው የሌላ ሰው ይመስላል።

«ያው ነው» አሉ አልጋው ላይ ጋደም ብለው ነቃይዋን በውሃ እየዋጡ። «ብበላ ብበላ አልጠግብም። ያቅለሸልሸኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል። ትናንት ደግሞ ቁራጩ ሱሪዬ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁት።»

«አይዞዎት» አለች ምንትዋብ። ደስ ብሏት ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ባሏ ደባልቄ በዚሁ ሕመም ሲዝል፣ እኚህ ሰው ሳይመረምሩት «ሥራ ጠልተህ ነው» ብለው ፈቃድ ከለከሉት። በሳምንቱ የከተማዋን የውጭ ግድግዳ ሲጠግን አዞረውና ገመዱ ከእጁ አመለጠ። አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። እሳቸው ታመው እጇ ላይ ከወደቁ ወዲህ ምንትዋብ የትሉን ራስ እያስቀረች ትመልሳቸዋለች። እያፈሩ በሩን ሲያንኳኩ አንጀቷ ይርሳል።

ለእሷ ብቻ በጽሑፍ ታሳውቅ የነበረችው ማሽን ግን ዛሬ ተበላሽታ በድምፅ ተናገረች።

«እንደ ወትሮው ራሱን ልተወው?»

ምንትዋብ ክው አለች። ዶክተሩ አልደነገጡም።

«ተዪው በያት» አሉ ቀስ ብለው።

«ያውቁ ነበር?»

«ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ። ሐኪም አይደለሁ እንዴ? ደባልቄ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ ልጄ። ይሄ ሲያመኝ ነው ትንሽ የምተኛው።»

ምንትዋብ ተናደደች። ስታሠቃያቸው የኖረች መስሏት፣ አራት ጊዜ ሙሉ እንቅልፍ ስትሰጣቸው ኖራለች። ሰው ቅጣቱንም እንደ መድኃኒት እንደሚለምደው አላሰበችም ነበር።

«ከነራሱ ንቀዪው» አለቻት ማሽኗን።

«ምንትዋብ፣ እባክሽ!» ዶክተሩ ከአልጋው ሊነሱ ሞከሩ፤ ነቃይዋ ግን ሥራዋን ጨርሳ ነበር።

«ድነዋል» አለቻቸው። «ሁለተኛ ቢይዝዎትም የማወጣው ከነራሱ ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ።

«ታዲያ በምን ልቀጣ?»

ምንትዋብ በሩን ከፈተችላቸው።

«ደባልቄን ይጠይቁት።»