የኡርሲና ሚስማር

«ሦስተኛው ዘንግ ጋ ስትደርሺ ፍሬን ያዢ» አላት ሬቶ፣ በበረዶ ላይ የምትንሸራተትበትን የስኪ ጫማዋን እያጠበቀላት። «ትንሽ ብቻ። ማንም አያውቅም።»

«ለምን? እትዬ አናቲና ያላችሁን ሁሉ አውጡ ብለውናል።»

«ስሚኝ የኔ ሚጢጢ። ዛሬ የሙከራ ቀን ነው። ዛሬ ከፈጠንሽ ነገ ከፈጣኖቹ ጋር ይመድቡሻል። ከቀርፋፎቹ ጋር ከሆንሽ ግን ወርቁ ያንቺ ነው። ነገም ቢሆን በጣም እንዳትበሪ፣ ይነቃብሻል።»

ልጆች፣ ኡርሲና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤቷ በበረዷማ ተራሮች መካከል ባለው ኢንጋዲን ሸለቆ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ፣ ግድግዳው ወፍራም መስኮቱ ትንንሽ የሆነው ነው። ነገር ለመረዳት ከሌሎች ልጆች ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅባታል። ሰዓት ማንበብ ገና አልቻለችም። ስኪ ላይ ስትወጣ ግን! አባቷ «ይቺ ልጅ ከዳዴ በቀጥታ ወደ ስኪ ነው የገባችው» ይላል።

ሬቶ ታላቅ ወንድሟ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ይወዳታል። አንዳንዴ መጥፎ ምክር ከሚወደን ሰው አፍ ይወጣል፤ እንዲህ ያለውን ምክር ደግሞ እንቢ ማለት ይከብዳል።

በወጥ ቤታቸው በር ጀርባ አራት ሚስማሮች አሉ። በሦስቱ ላይ የሬቶ ሜዳሊያዎች ተንጠልጥለዋል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ይንሿሿሉ። አራተኛውን ሚስማር አባቷ የመታው ለኡርሲና ነው። ሁለት የበረዶ ወቅቶች አለፉ። ሚስማሩ ባዶ ነው። የገብስ ሾርባዋን ስትጠጣ ዓይኗ ከእሱ ላይ አይነሳም።

የኡርሲና ተራ ደረሰ፤ መንገዱን የሚያሳዩት ዘንጎች ቁልቁል ተሰልፈዋል። አንድ ዘንግ፣ ቀይ። ሁለት፣ ሰማያዊ። ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ያፏጫል።

ሦስት።

ፍሬን ያዘች። የስኪዎቿን አፍንጫ አገናኘች፣ ተረከዟን ከፈተች፣ ልክ እንደ ጀማሪ። ከዚያ እስከ ታች ድረስ ቀስ፣ ቀስ።

አሰልጣኟ እትዬ አናቲና ታች ይጠብቋት ነበር። «ምነው የኔ ልጅ? ጉልበትሽን አመመሽ እንዴ?»

ሬቶ ይህን አላስጠናትም ነበር። «አዎ» አለች።

አያችሁ? አንዱ ውሸት ሌላውን ጠራ።

እትዬ አናቲና በረዶው ላይ ተንበረከኩ። ጓንታቸውን አውልቀው ጉልበቷን አሹላት። እጃቸው ሞቃት ነበር። ያልታመመ ጉልበት ሲታሽ እንዴት እንደሚያቃጥል ኡርሲና ያን ቀን አወቀች።

ከሰዓት በኋላ የነገው ምድብ በዳኞቹ ጎጆ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የክፍል ጓደኛዋ ሴራይና በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ፣ አንድ በአንድ ታነብባለች። ሴራይና ሦስት ዓመት ተወዳድራ ሦስቱንም ጊዜ አራተኛ የወጣች ልጅ ናት።

«ሴራይና! እኔ ነኝ! እናቴ ነገ ትመጣለች፣ ላሞቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ። ዘንድሮ ሜዳሊያ አለኝ፣ ታያለሽ! ማድሌና… ባርቢና… ኡርሲና?» ጣቷ ቆመ። «ኡርሲና? ምን ነካቸው? አንቺ እኮ ጥይት ነሽ!»

«ተዪው፣ ሴራይና።»

«አልተወውም! ጓደኛዬን ቀርፋፋ ያላት ማን ነው?»

የጎጆውን በር በጡጫ ደበደበችው። ጺማቸው የሸበተ ዳኛ ብቅ አሉ። እትዬ አናቲናም ከኋላቸው ከነሻይ ኩባያቸው ወጡ።

«በሩን ልትሰብሪው ነው እንዴ ልጄ?»

«አባባ፣ ተሳስታችኋል! ኡርሲና ፈጣን ናት። ከኛ ጋር ጽፋችኋታል። አርሙት!»

ልጆች፣ ሴራይና በዚያች ሰዓት ስለ ሜዳሊያዋ ረስታ ነበር። የተቆጣችው ለጓደኛዋ ክብር ነው።

ኡርሲና ወደ በሩ ቀረበች።

«አልተሳሳቱም። ፍሬን ይዤ ነው። አውቄ። ጉልበቴንም አላመመኝም።»

ሴራይና ዞረች። «አውቀሽ? ሜዳሊያዬን ልትወስጂ?»

«የማንን እንደምወስድ አላሰብኩም» አለች ኡርሲና፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ።

«ምክሩ የኔ ነው።» ሬቶ ነበር። ከኋላቸው ቆሟል፣ ጆሮው ቲማቲም መስሏል።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «በሕጉ ከሄድኩ ነገ አትወዳደሪም።»

ሻዩ በእትዬ አናቲና እጅ ላይ ቀዘቀዘ።

«ግን ሳልይዝሽ ነው የነገርሽኝ» አሉ ዳኛው። «ነገ ጠዋት ከሁሉም በፊት ብቻሽን እንደገና ትወርጃለሽ። ያለሽን ሁሉ አውጥተሽ። በዚያ ትመደቢያለሽ።»

«ከፈጣኖቹ ጋር ብሆንስ?»

«ከፈጣኖቹ ጋር ነዋ!»

ኡርሲና ሴራይናን በጎን አየቻት። ሴራይና አኩርፋለች። ትንሽ ቆየችና አፍንጫዋን በጓንቷ ጠራረገች።

«ሁለተኛ እንዲህ ብታደርጊ እነክስሻለሁ» አለቻት። ከዚያ በኪሷ ያለውን የለውዝ ኬክ ለሁለት ቆረሰችው።

እሁድ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከታች ይሰማል። ኡርሲና ጠዋት ብቻዋን ያላትን ሁሉ አውጥታ ወርዳ ከፈጣኖቹ ጋር ተመድባለች። ፈጣኖቹ ከእሷ ጋር አምስት ናቸው፤ አራቱ ከኡርሲና በአንድ ክንድ ይረዝማሉ።

ሦስተኛው ዘንግ ጋ ፍሬን አልያዘችም። አራተኛውም ጋ። በየትኛውም።

አምስተኛ ወጣች። ማለትም መጨረሻ። ሬቶ ግን ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸላት። ሴራይና በምድቧ ሁለተኛ ሆና ብር አገኘች። አንደኛ የወጣችውን ማድሌናን ከደስታዋ ብዛት አጥብቃ ስታቅፋት ሁለቱም ከመድረኩ ወደቁ። የሴራይና እናት በላሞቹ በረት ቦት ጫማዋ እዚያው ቆማ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ አባቷ ሰማያዊውን የአምስተኛ ሪባን በሁለት ጣቱ ያዘው። «ሚስማሩ ይስማማዋል?»

«ይስማማዋል» አለች ኡርሲና።

«እንዳይበዛበት» አለ ሬቶ፣ በተዘጋ ድምፁ። ኡርሲና በማንኪያ አናቱን መታችው።

ልጆች፣ አታልሎ የሌላውን ወስዶ አንደኛ ከመውጣት፣ ያለንን ሁሉ በእውነት ሰጥተን መጨረሻ መውጣት ይሻላል።

ኡርሲና ሪባኑን ሰቀለችና በሩን ገፋችው። የሬቶ ሜዳሊያዎች ተንሿሹ። ሪባኑ ዝም አለ። እንደገና ከፈተችው፣ አየችው፣ ዘጋችው።