የጣሊያኖቹ መርከብ

ሔርሞን አንዷን ዓረፍተ ነገር ዘለለቻት።

ማንም አላወቀባትም። አክስቷ እትዬ እናናዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ ሞራ የተገፈፈለት ግራ ዓይኗ በፕላስቲክ ጋሻ ተሸፍኖ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ታዳምጣለች። ሐኪሙ ለሁለት ሳምንት ምንም ነገር እንዳታነብ ከልክሏታል። ስለዚህ በመርከቡ የሄዱ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን አስተያየት የምታነብላት ሔርሞን ናት፤ ላፕቶፑም እሷ ጭን ላይ ነው።

«እሺ፣ ቀጥዪ።»

«"ራት የሚቀርበው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ልጆቻችን ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው" ትላለች አንዲት ተጓዥ» አለች ሔርሞን።

ሴትዮዋ ግን በዚህ አላበቃችም። «ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ነገሩ ገባን፤ እዚያ መርከብ ላይ ራት ማለት ተቀምጦ መጫወት ነው፣ ልጆቹም ወደዱት» ብላ ነበር። የተዘለለችው ዓረፍተ ነገር ይህች ናት።

እትዬ እናናዬ እንግሊዝኛ ሳትችል ቀርታ አይደለም። እዚሁ አሜሪካ፣ ዎርዝንግተን ከተማ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ግን ገና ንባቡ ሲጀመር «በአማርኛ አድርጊልኝ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ሥራ ቦታ ያለሁ ይመስለኛል» ብላ ነበር።

ሥራውን የተወችው በታኅሣሥ ነው። ሁለቱ የኮቪድ ዓመታት ጎድተዋታል። ልጆቻቸው በመስኮት በኩል ብቻ የሚያዩዋቸውን ሽማግሌዎች ስልክ ጆሯቸው ላይ እየያዘች፣ የማስኩ ላስቲክ ከጆሮዋ ኋላ ጠባሳ እስኪያወጣ ድረስ ሠርታለች። የሔርሞን አባት ጀማነህና ሌሎቹ ወንድሞቿ ተሰብስበው «እትዬ፣ አንድ ሳምንት የምታርፊበት ቦታ ምረጪ» አሏት። ኢየሩሳሌም ትላለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን «መርከብ» አለች።

ሁለት መርከቦች ተገኙ። ሁለቱም በመጋቢት፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በስፕሪንግ ብሬክ ሳምንት፣ ከማያሚ ይነሳሉ። አንደኛው የአሜሪካኖቹ ነው፤ ጣሪያው ላይ የውኃ መንሸራተቻ ስላይድ አለው፣ የሚበላውም ቀኑን ሙሉ አይነሳም። ሁለተኛው የጣሊያኖቹ ነው፤ ዊንተሩን ብቻ ከአውሮፓ መጥቶ የሚሠራ፣ ስላይድ የሌለው። እትዬ እናናዬ ብቻዋን እንዳትሄድ ሔርሞን አብራት ትሄዳለች። የቱ ይሻላል የሚለው ግን ገና አልተወሰነም። ጀማነህ «እስከ አርብ ንገሩኝና ቡክ አደርገዋለሁ» ብሏል።

ሔርሞን በበኩሏ ከወሰነች ቆይታለች። ኑራ የምትሄደው በአሜሪካኖቹ ነዋ።

ኑራ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ሰባተኛ ክፍልን በኮቪድ ምክንያት በስክሪን ብቻ እየተያዩ ነው የጨረሱት። አሁን ዘጠነኛ ናቸው። ሰኔ ላይ ደግሞ የኑራ ቤተሰብ ጠቅልሎ ወደ ሚኒያፖሊስ ሊሄድ ነው። ሁለቱ ስለ መርከቡ ሲያወሩ ሰንብተዋል፤ ከስላይዱ አፋፍ ላይ ቁልቁል ሲያዩት ባሕሩ ምን ሊመስል እንደሚችል፣ ከመርከብ ላይ ኮከብ ይበዛ እንደሆነ።

«ሌላስ ምን ይላሉ?» አለች እትዬ እናናዬ።

«ማስታወቂያው ሁሉ በአምስት ቋንቋ ነው። አንዱን ነገር አምስት ጊዜ ነው የሚናገሩት፤ ያደክማል።»

«ጣሊያንኛም?»

«አዎ፣ መጀመሪያ በሱ ነው።»

እትዬ እናናዬ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። ሔርሞን ፈገግታውን አይታ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ራት ላይ ውኃ ለብቻው እንደሚከፈልበት አነበበች። ሊፍቱ ጋ ሰልፍ የሚያከብር እንደሌለ አነበበች። በየመሀሉ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየዘለለች ሄደች። «ውሸት እኮ አይደለም» አለች በሆዷ፤ «የተጻፈውን ነው የማነበው።»

በመጨረሻ እትዬ እናናዬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንግዲህ ሰው ሁሉ እንዲህ ካማረረ ይቅር። ያንቺው ስላይድ ያለው ይሁን።»

ሔርሞን ወደ ክፍሏ ሮጣ ለኑራ ጻፈች። ኑራ ወዲያው ደወለች።

«ወላሂ በይ!»

«ሲሪየስሊ! አንድ መርከብ ላይ ነን።»

ኑራ በስልኩ ውስጥ ጮኸች። ሔርሞንም አብራ ጮኸች፤ ድምፅዋ ግን ከኑራ ቀድሞ አለቀ።

ሐሙስ ዕለት በረዶ ስለጣለ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የሚኖሩባት ካናል ዊንቸስተር ነጭ ሆና አደረች። መንገዱና ሣሩ አይለዩም፤ የጎረቤት መኪኖች የተከደነ መሶብ መስለዋል። ጀማነህ ኦቤትስ ያለው የሚሠራበት መጋዘን ስለማይዘጋ በማለዳ ወጥቷል፤ እናቷም ሥራ ገብታለች። ሔርሞን አርፍዳ ተነስታ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ የአክስቷን ድምፅ ሰማች። የምታወራው ለሰው አልነበረም።

«ላቫ። ስቲራ። ፖርታ።»

እትዬ እናናዬ መስኮቱ ሥር ቆማ ከማድረቂያው የወጣ አንሶላ ታጥፋለች። ከውጭ የሚገባው የበረዶ ብርሃን አንሶላውንም እሷንም አንድ ቀለም አድርጓቸዋል።

«ምንድን ነው የምትዪው?» አለች ሔርሞን።

«ኧረ ምንም!» ደንግጣ ሳቀች። «አንሶላ ስይዝ ይመጣብኛል። እጠቢ፣ ተኩሺ፣ አምጪ ማለት ነው።»

«ጣሊያንኛ ትችያለሽ?»

«እሱን ያህል እችላለሁ።» አንሶላውን ጫፍ ለጫፍ አገናኘች። «ጣሊያን፣ ጄኖቫ ነበርኩ እኮ። አባትሽ ገና ተማሪ ነበር፤ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ። አንዲት አሮጊት ቤት፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ እሠራ ነበር። ልብስ የማሰጣው ጣሪያው ላይ ነው። ከዚያ ወደቡ ወለል ብሎ ይታያል።»

ሔርሞን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ከሰዓት በኋላ ነጭ መርከብ ይወጣል። መርከብ ሲነሳ አይቸኩልም፤ የሚሄድም አይመስልሽ። አንድ አንሶላ ሰቅዬ ዞር ስል ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። ሌላ እሰቅላለሁ፣ ደግሞ ትንሽ ፈቀቅ። አንሶላው ሲያልቅ መርከቡም የለም። ሰዎቹ ከላይ ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ለማን እንደሆነ እነሱም አያውቁት። እኔም እርጥብ ትራስ ልብስ ይዤ አወዛውዛለሁ።»

ሔርሞን ያንን ጣሪያ አየችው። ነጫጭ አንሶላዎች በነፋስ ሲነፉ፣ በመካከላቸው ቀጭን ልጅ እግር ሴት፣ ከሥር ሰማያዊው ባሕር። ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ነፋሱ የሚሰማት መሰላት።

«ማያሚ ግን ጄኖቫ አይደለም፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ።

«መች ጠፋኝ!» እትዬ እናናዬ እንደ ማፈር አለች። «ቋንቋውን ነው የፈለግኩት። ሬዲዮ ላይ ስሰማው እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ። ለእኔ ሲሆን ግን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ እጠቢ፣ ተኩሺ፣ አምጪ። እና አንድ ጊዜ፣ በዚያ ቋንቋ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ "ምን ላምጣልዎ?" ሲለኝ ብሰማ ብዬ ነው። የጅል ነገር ነው፣ ተይው።»

አንሶላውን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጣ ሌላውን አነሳች።

ሔርሞን ወደ ላይ ወጣች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ለረጅም ጊዜ ሳትከፍተው አየችው። ከዚያ ይዛው ወርዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ያላነበብኩልሽ አለ።»

አክስቷ ወደ እሷ ዞረች። ሔርሞን ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። «"እናቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው። ቡና የሚቀዳው ሽማግሌ በየጠዋቱ ስሟን ጠርቶ ይቀበላት ነበር። በሁለተኛው ቀን የምትወደውን ሳትናገር አወቀላት። መርከቡ ሲደርስ አልወርድም ብላ አለቀሰች።"» ከዚያ ስለ ራቱ የተጻፈውን አነበበች። ከዚያም ስለ ሙዚቃው፤ በሰርዲኒያ ተወልዶ አኮርዲዮን ስለሚጫወት ሰው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ስለሚደንሱበት ወለል።

ስትጨርስ እትዬ እናናዬ አንሶላውን እንደያዘች ቆማለች።

«ስንቱን ነው የዘለልሽው?»

«ሰባት።» ትንሽ ቆይታ «ስምንት» አለች።

«ለምን?»

«አይም ሶ ሶሪ፣ እትዬ…»

«በአማርኛ በይው።»

በአማርኛ ከበዳት። «ይቅርታ። ከኑራ ጋር ለመሄድ ፈልጌ ነው። ሰኔ ላይ ትሄዳለች።»

እትዬ እናናዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሥራ ቦታ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ደብዳቤ አነብላቸው ነበር» አለች። «አንድ ቀን ለአንዲት ሴትዮ ከልጇ መጣላት። ክፉ ደብዳቤ ነበር። ልዝለለው ወይ ብዬ አሰብኩ።»

«ዘለልሽው?»

«አነበብኩት። ደብዳቤው የሷ ነበራ።»

ሔርሞን አንገቷን ደፋች። ማድረቂያው ሥራውን ጨርሶ ጮኸ፤ ሁለቱም አልተነሱም። ቆይታ እትዬ እናናዬ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችላት።

«አሁን የተጻፈውን ሁሉ ሰምቻለሁ። የጓደኛን ነገር ደግሞ አውቃለሁ፤ ጄኖቫ አንዲት ነበረችኝ፣ የት እንደገባች እንኳ አላውቅም። አንቺ ምረጪ። የአሜሪካኖቹን ካልሽም ቅር አይለኝም። የእውነቴን ነው።»

የእውነቷን እንደሆነ ሔርሞን አወቀች። ነገሩ የከበዳትም በዚህ ነው። ብትቆጣት ኖሮ ይቀል ነበር።

ጃኬቷን ለብሳ አካፋውን ይዛ ወጣች። ከመኪና መግቢያው ላይ በረዶውን እየዛቀች ወደ ጎን መከመር ጀመረች። መንገዱ ላይ ማንም የለም። በረዶው ድምፅ ሁሉ ውጧል። ግማሹን ስታጸዳ አካፋው ላይ ተደግፋ ቆመች። በሐሳቧ ከስላይዱ አፋፍ ላይ ናት፤ ኑራ ከፊቷ እየሳቀች ተንሸራታ ትጠፋለች። ከዚያ ደግሞ ሌላ መርከብ ላይ ናት። አክስቷ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ፣ ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ብላ ታያለች። የሰውዬው ፊት አይታይም። የሚታየው የአክስቷ ፊት ነው።

ጓንቷን አውልቃ ኑራ ጋ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ የዘለለቻቸውን ጭምር።

«እና?» አለች ኑራ።

«እና በጣሊያኖቹ ልንሄድ ነው።»

«እኔ እኮ ሰኔ ላይ የለሁም» አለች ኑራ።

«አውቃለሁ።»

«አክስትሽ ምረጪ ብላሽ እያለ?»

«አዎ።»

«ደስ አላለኝም፣ ሔርሞን።»

«እኔም ካንቺ ጋር ባለመሄዴ ደስ አላለኝም።»

ኑራ ቻው ሳትል ዘጋችው። ሔርሞን ስልኩን ኪሷ ከትታ የቀረውን በረዶ ዛቀች። ስትጨርስ ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ ዓይኗ ውኃ አቅርሯል። ከብርዱ ነው ብላ ጠረገችው።

አመሻሹ ላይ ጀማነህ ጫማውን በር ላይ እያራገፈ ገባ። «እህ፣ ወሰናችሁ? የቱን ልበል?»

እትዬ እናናዬ ወደ ሔርሞን ዞረች።

«የጣሊያኖቹን» አለች ሔርሞን። «ቅጹን እኔ እሞላዋለሁ፣ አባዬ። አንተ ሻይህን ጠጣ።»

ጀማነህ አንዴ እህቱን አንዴ ልጁን አየና ወደ ኩሽና አለፈ። እትዬ እናናዬ ሶፋው ላይ ጠጋ ብላ ለሔርሞን ቦታ ለቀቀችላት።

ሔርሞን ቅጹን ከፈተች። የክፍል ዓይነት ይጠይቃል፤ መስኮት ያለው፣ የሌለው።

«መስኮት ያለው ነው አይደል?»

«ካለማ…»

«በጣሊያንኛ እንዴት ይባላል? "መስኮት ያለው ክፍል እፈልጋለሁ"። እዚያ ስንደርስ አንቺ ትዪዋለሽ።»

እትዬ እናናዬ ማሰብ ጀመረች። «ክፍል… ካሜራ ነው። መስኮት ፊኔስትራ። መስኮት እኮ ስንቱን ወልውያለሁ።»

«እሺ፣ "እፈልጋለሁ"ስ?»

እትዬ እናናዬ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የታመመው ዓይኗ ከጋሻው ሥር እርግብ እርግብ አለ።

«እሱን» አለች፣ «ብዬው አላውቅም።»

ሔርሞን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አገኘችውና የድምፅ ማጉያውን ምልክት ተጫነች። አንዲት ሴት ለስለስ ባለ ድምፅ «ቮሬይ» አለች።

«ቮሬይ» አለች እትዬ እናናዬ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት።

«እንደገና በይው» አለች ሔርሞን፤ መስኮት ያለውን ክፍል መርጣ የተጓዦቹን ስም መጻፍ ጀመረች።