በመሳቢያው ውስጥ የቆመው አረንጓዴ ካርድ

የመዝገበ ቃላቱ ዋና አዘጋጅ ከካርድ መሳቢያዎቹ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው የወረቀት መጫኛ ብረት አጠገባቸው ወድቋል። «ከ» የተጻፈበት መሳቢያ ገርበብ ብሏል።

ዘበኛው ለመርማሪዋ ሹክ አላት። «ጸሐፊዋ ትናንት ጠዋት ጮኻባቸዋለች። ‹ከርዳዳ› በሚል ቃል ነው አሉ። ጉድ እኮ ነው፣ በጠጉር ሰው ይሞታል? ማታ እሷ ከወጣች ወዲህ ደግሞ በእኔ በር የገባ የለም፤ የኋላው በር ቁልፉ ከአለቆቹ ጋር ነው።»

ጸሐፊዋ አልካደችም። «ልጄን ትምህርት ቤት ‹ከርዳዳ› እያሉ ያስለቅሷታል። ጋሼ ደግሞ ትርጉሙን ‹የማያምር ጠጉር› ብለው ጻፉት። ደሜ ፈላ።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

ምክትል አዘጋጁ ግን ረጋ ብለዋል። «እኔ በዘጠኝ ሰዓት ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ቃሉ ከእንክርዳድ እንደመጣ በመጽሐፌ አስረድቻለሁ። አረም የመሰለ ጠጉር ማለት ነው። እውነት መራራ ናት፤ ለጸሐፊዋ አልዋጥ ብላት ይሆናል።»

መርማሪዋ መሳቢያውን ስባ ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። የ«ከርዳዳ» ካርድ የለም። በቦታው አረንጓዴ ካርድ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ይሄ አረንጓዴ ካርድ ምንድን ነው?»

«ምልክት ነው» አለች ጸሐፊዋ። «ካርድ ያወጣ ሰው የራሱን ቀለም ይተካል። የጋሼ ነጭ፣ የእኔ ቢጫ...» ወደ ምክትሉ ዞር ብላ አየች።

«አረንጓዴው የእኔ ነው» አሉ ምክትሉ። «ካርዱን ባለፈው ሳምንት ወስጄዋለሁ፤ ቤቴ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «እህቴ፣ ቦርሳሽን ክፈቺው። ወረቀት ይዞ መውጣት ከሥራ ያስባርር ይሆናል፤ ከእስር ግን ይሻላል።»

የተተየበ ቅጂ ወጣ። መርማሪዋ አነበበችው። «‹ከርዳዳ፦ ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ጠጉር። ነቀፌታ የለበትም። ከእንክርዳድ ጋር ለመዛመዱ ማስረጃ አልተገኘም።› ከሥሩ የሟቹ ፊርማ አለ፤ ‹ከካርዱ ጋር ተመሳክሯል› ይላል። ትናንት፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ባለፈው ሳምንት ቤትዎ የገባ ካርድ ትናንት እዚህ ምን ይሠራል?»

ምክትሉ ዓይናቸውን ወደ መሳቢያው መለሱ።

«የኋላውን በር ቁልፍ የያዛችሁት ሟቹና እርስዎ ብቻ ናችሁ። መጽሐፍዎን የሚያፈርሰውን ካርድ ወሰዱ። የሠላሳ ዓመት ልማድ ግን ቀደመዎት፤ ምልክትዎን ተኩበት።»

«አንድ ቃል» አሉ ምክትሉ በቀስታ። «አንድ ቃል እንኳ ሊተዉልኝ አልፈለጉም።»

ሲወስዷቸው ጸሐፊዋ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ጋሼ ከጠቡ በኋላ ነው ያስተካከሉት» አለች። «ቅጂውን ለልጄ ላሳያት ስደብቅ አዩኝ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ። እኔ ግን እንዳኮረፍኩ፣ ደህና ይደሩ እንኳ ሳልላቸው ወጣሁ።»