ስድስት ጣሳ

ጁን 14 ቀን 1975፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የሎረታ ታናሽ ወንድም ቴሪ በብስክሌቱ ሊዘል ሞክሮ ወደቀ። ማክሰኞ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

ሐሙስ ከቀብር ሲመለሱ፣ የከተማዋ የማዕድን ሠራተኞች ሚስቶች ያመጡት ምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶት ነበር። የነካው የለም። ሎረታ ከቴሪ አልጋ ሥር አሻንጉሊቱን ጎትታ አወጣች። በሞተር ብስክሌት በአውቶቡሶች ላይ የሚዘለውን ዝነኛ አሜሪካዊ አስመስለው የሠሩት፣ ነጭ ልብስ ለብሶ ትንሽ ሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠ የጎማ ሰውዬ ነው፤ እጀታውን አዙረው አዙረው ሲለቁት ሞተሩ ይፈተለካል።

«ሎሪ፣ ስድስት የለስላሳ ጣሳ ዘለለ!» ብሏት ነበር ቴሪ፣ ከመዝለሉ በፊት ባለው ቀን፣ አርብ። «እኔስ በብስክሌት ስንት እዘላለሁ?»

ሎረታ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ያን ዕለት የአሻንጉሊቱን ሞተር በማስመሪያ ለካች፤ ብስክሌቱን ለካች፤ ደብተሯ ላይ አባዛች።

«ስድስት የቆሻሻ በርሜል። ልክክ ነው።»

«እንዳትሸውጂኝ!»

«ሒሳብ አይሸውድም፣ አንተ ቦቅቧቃ!»

ክብደት የሚባል ነገር ትዝም አላላት። የጎማ ሰውዬ ሲወድቅ አንስተው እንደገና እንደሚያስቀምጡትም አላሰበችም።

በሩ ተንኳኳ። የጎረቤታቸው ልጅ ዱዌይን ነበር፤ ቅዳሜ ዕለት መንደርደሪያውን ጣውላ የያዘው እሱ ነው።

«ወይዘሮ ራዲች፣ እኔ...»

«አንተ ነህ ያደፋፈርከው!» አለች እናቷ። «ሂድ ከደጄ! ዓይንህን እንዳላየው!»

ዱዌይን ከእናቷ ትከሻ ኋላ ሎረታን አያት። ማን እንዳሰላው ያውቃል። ዞሮ ደረጃውን ወረደ።

ሎረታ ክፍሏ ገብታ የሒሳብ ደብተሯን አመጣች።

«እማ።»

«አሁን አይሆንም፣ ልጄ።»

«አሁን ነው፣ እማ። ቁጭ በይ።»

ምግቡን ገፋ አድርጋ ገጹን ከፊቷ ዘረጋችው። እናቷ ቁጥሮቹን፣ ከሥራቸው የተሳሉትን ስድስት በርሜሎች በጣቷ እየተከተለች አየች።

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ።»

እናቷ አራት ቀን አላናገረቻትም። በአምስተኛው ቀን ኮቷን ደርባ፣ ከደጇ ያባረረችውን ልጅ ይቅርታ ልትጠይቅ ብቻዋን ወደ ዱዌይን ቤት ሄደች።