ካርታውን አላይም ያለው ፎቶ

እኔ ወዳጄ፣ ጂኒ በር ቢያንኳኳ "ግባ፣ ጫማህን ግን ውጪ አውልቅ" የምል ሰው ነኝ፣ እናቴ ቡዳ ስትፈራልኝ "ምኔን አይቶ ይበላኛል" እያልኩ ስስቅ ነው ያደግኩት፣ አሁንም ቦርጭ ጨመርኩ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ስለዚህ ይሄን ስነግርህ "ተሾመ ደግሞ ጀመረው" ብትል አልፈርድብህም፣ ሌላ ሰው ቢያወራኝ እኔም የምለው እሱኑ ነው።

ስራዬ ምን መሰለህ፣ እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ ከአንድ የህንጻ መሳሪያ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ቢሮ ያላት፣ ግማሿ በአማርኛ ግማሿ በኦሮምኛ የምትወጣ ትንሽ ወርሃዊ መጽሔት አለች፣ የእሷን ገጾች የማቀናብረው እኔ ነኝ፣ ጽሑፉን እዚህ፣ ፎቶውን እዚያ፣ ካርታውን በዚህ በኩል እያደረግኩ አንባቢ ገጹን ገና ሲያየው እንዳይሸሽ አሰማምረዋለሁ። ባለቤቴ "ወረቀት ላይ ሁሉን ነገር ቦታ ቦታው ታስይዛለህ፣ ካልሲህ ግን ሶፋ ስር ነው" ትላለች፣ እውነቷን ነው።

በዚህ ስራ አንድ ህግ አለ፣ እሱን ካልነገርኩህ የቀረው አይገባህም። ፎቶ ላይ ያለ ሰው ፊቱ ወደ ገጹ ውስጥ ማየት አለበት፣ ወደ ውጪ ካየ የአንባቢው ዓይን ተከትሎት ይወጣል፣ ከወጣ ደግሞ አይመለስም፣ ሰው እንደዚያ ነዋ፣ መንገድ ላይ አንዱ ቆሞ ሰማይ ሲያይ ሁላችንም አንጋጠን አይደል የምናየው። እና ፎቶው ወደ ውጪ የሚያይ ከሆነ እንደ መስታወት ትገለብጠዋለህ፣ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ አለቀ።

ፎቶ አንሺያችን ነስሩ ይሄን ነገር አይወድም ነበር። "ሰውን ገልብጠህ ሌላ ሰው አደረግከው፣ ወላሂ ሐራም ነው፣ የሸሚዙን ቁልፍ እየው፣ የሴት ሆነ" ይለኛል።

"አንተ ለምን ወደ ውስጥ እያየ አታነሳውም ታዲያ?"

"ሰው የሚያየው ወደሚፈልገው ነው፣ ቦርጮ።" ቦርጮ እኔ ነኝ።

ነስሩ ጠፋ። ክረምት ሊገባ ሲል የቡና ችግኝ ፎቶ ሊያነሳ ብሎ በሞተሩ ወጣ፣ በዚያው ቀረ፣ ሞተሩ አሰንዳቦ ጋ ከመንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፣ ቁልፉ እንኳን ላዩ ላይ ነበር። ፖሊሱም ዘመዱም አሰንዳቦን አካለለው፣ ወንዝ ሳይቀር ተፈለገ፣ ምንም። እኔ፣ እመነኝ፣ አላለቀስኩም። ጥርስ ሐኪም በመርፌ ድድህን ሲያደነዝዘው፣ ከንፈርህን ስትነክስ የሰው ከንፈር የነከስክ ይመስልሃል አይደል፣ ልክ እንደዚያ፣ እበላለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ እኔ ግን እዚያ የለሁም።

ሚስቱ ሙና አንድ ቀን መጥታ "ገጽ ስጡኝ፣ ላፈላልገው" አለች። አዘጋጃችን ገመቹ "ሙሉ ገጽ" አላት፣ ሳያቅማማ። ጽሑፉን እሱ ጻፈው፣ ካርታውን እኔ ሳልኩት፣ ከጅማ አሰንዳቦ ያለውን መንገድ በቀይ አድርጌ፣ ሞተሩ የቆመበት ላይ ክብ ምልክት አስቀምጬ። ፎቶ ግን ጠፋ፣ ፎቶ አንሺ ሰውን ሲያነሳ ይኖራል እንጂ የሱ ፎቶ የት ይገኛል፣ የተገኘው እኔ በስልኬ ጅሬን፣ የድሮው ቤተ መንግሥት በር ላይ ያነሳሁት ነው፣ ግራ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ሰዓቱ እጁ ላይ እያበራ፣ ሩቅ ነገር ያያል። ጥሩ ፎቶ ነው፣ በስህተት መሆን አለበት።

ካርታውን ከገጹ በግራ፣ ነስሩን በቀኝ አደረግኩ። ገመቹ ከኋላዬ መጥቶ ስክሪኑን አየና፣ "ቴሾ፣ ይሄ ሰው ወዴት ነው የሚያየው? ወደ ካርታው አዙረው እንጂ፣ አንባቢ ካርታውን ይይበት።"

"ይቅርታ ነስሩ" አልኩና ገለበጥኩት። ስክሪኑ ላይ ዞረ፣ ካርታውን ያያል። ሙና ገጹ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሳይላክ ልየው ስላለች በትልቅ ወረቀት አተምኩት፣ ወረቀቱን ሳነሳው ነስሩ ወደ ውጪ ያያል።

የገለበጥኩትን ኮምፒውተሩ ላይ ሳላስቀምጥ ነው ያተምኩት አልኩ፣ እንደገና አተምኩ፣ ያው ነው። የኛ ማተሚያ አርጅቷል፣ አንዳንዴ ቢጫ ስትለው አረንጓዴ ያወጣል፣ ግን ሰው አያዞርም። ከዚያ ሰዓቱን አየሁት። ሰዓቱ ቀኝ እጁ ላይ ነው፣ የሸሚዙም ቁልፍ ተገልብጧል። እጁ ታዞልኛል፣ ሸሚዙ ታዞልኛል፣ ፊቱ ብቻ እምቢ ብሏል።

ለገመቹ አሳየሁት። "ማል ታቴ? ምን ሆንክ? አዙረው አላልኩህም?" አለኝና ስልኩ ጠርቶ ወጣ። ስክሪኑ ላይ ሊያየው አልተመለሰም፣ እኔም አልጠራሁትም። ልክ ያኔ መብራት ጠፋ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ብርሃን ግን ነበረ፣ በደንብ ይታያል፣ "ጨለማ ነበር እኮ" እንዳትለኝ።

ሙና ገባች፣ ዣንጥላዋን በር ላይ አቆመች፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እሷ እንድታነበው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ወደ እሷ አዞርኩት። ሳዞረው ድምጽ ሰማሁ፣ ትንሽዬ፣ በደንብ የተተኮሰ ኮሌታ ውስጥ አንገት ሲዞር የሚያወጣት ዓይነት።

"ጋሽ ተሾመ፣ ሰዓቱ ለምን በቀኝ እጁ ሆነ?"

"እኔ ነኝ የገለበጥኩት፣ ወደ ካርታው እንዲያይ ብዬ። ግን አልዞር ብሎኛል።"

"ዞሯል እኮ፣ ይኸው ካርታውን እያየ ነው።"

ከኔ በኩል አየሁት። ነስሩ ወደ መስኮቱ ያያል። ሳላዞረው በፊትም ወደ መስኮቱ ነበር የሚያየው። ወረቀቱ ዞረ፣ ካርታው ዞረ፣ እሱ ግን ባለበት ቀረ፣ ገባህ?

"ምን አዩ?"

"ነስሩ መስኮት ይወዳል" አልኩ። እንደዚህ ነው የኔ አፍ፣ ሌላው አካሌ ሲደነዝዝ እሱ ብቻ ይሰራል።

እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ጎን አዞረችው፣ ያቺ የኮሌታ ድምጽ እንደገና መጣች፣ ሁለታችንም ሰማናት። ፊቱ ወደ መስኮቱ ነው። አሁንም አዞረችው። ወደ መስኮቱ።

"ይሄ መስኮት በየት በኩል ነው?"

"በሰቃ ከተማ በኩል።"

"አሰንዳቦስ?"

በአውራ ጣቴ በሌላ በኩል ያለውን ግድግዳ አሳየኋት። ግድግዳውን ብዙ ቆይታ አየችው፣ ከዚያ መስኮቱን። "ሁላችን ወደዚያ ስንሮጥ" አለች፣ አልጨረሰችውም። ወረቀቱን ይዛ ተነሳች።

"አብሬሽ ልምጣ።"

"እርስዎ ይቀመጡ፣ ኢንሻአላህ እመለሳለሁ።"

እኔም ተቀመጥኩ።  በመስኮት አየኋት፣ ዝናቡ አባርቶ ወረቀቱን እንደ ትሪ መዳፏ ላይ ዘርግታ፣ ቁልቁል እያየች መንገድ ተሻገረች፣ የሰቃ መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ለሹፌሩ በአገጯ ስታሳየው ታየኝ።

ልንዘጋ ስንል ተመለሰች። ገመቹ ወጥቶ ነበር። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀይ ጭቃ ነው፣ ዣንጥላዋን የሆነ ቦታ ትታዋለች። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች፣ ወረቀቱን ዘረጋችው።

ነስሩ ወደ ታች ያያል። አገጩ ደረቱን ነክቷል፣ እጁ ያው ግንባሩ ላይ ነው፣ መርፌ ወድቆበት መሬት ላይ የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

"ከባጃጅ ወርጄ ብዙ ሄድኩ" አለች፣ "የሰው ቡና እርሻ ውስጥ ገባሁ። አንድ ዋንዛ ስር ስደርስ እንደዚህ ሆነ።"

"የማን ቡና ነው?"

"አልጠየቅኩም።"

"ሙና፣ ለፖሊስ እንንገር።"

"ምን ብለን? ፎቶው መሬት አየ ብለን?"

"እንዲቆፍሩ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ድምጿ ምንም የለበትም፣ የሽንኩርት ዋጋ የምትነግርህ ነው የሚመስለው። "ከቆፈሩ ሞተ ማለት ነው ጋሽ ተሾመ። ካልቆፈሩ ዘገየ። ልጄ ማታ ማታ አባቷን ስትጠይቀኝ ዘግይቷል ነው የምላት። ይቺን አይውሰዱብኝ።"

ብርጭቆዋን መልሼ ሞላሁላት። ወዳጄ፣ አንተ ምን ትል ነበር?

"ገጹ ይውጣ" አለች ስትነሳ፣ "ካርታውም እንዳለ ይሁን፣ አሰንዳቦ ይሁን። ይሄን ወረቀት ግን እርስዎ ያስቀምጡልኝ፣ ቤት ላስገባው አልችልም።"

መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት። ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን ከፍቼ አየሁት፣ ወደ ታች ማየቱን ትቷል፣ ቀና ብሎ በሰቃ በኩል ያያል። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። ጠረጴዛዬን ወደ ግድግዳው አዞርኩት፣ ብርሃኑ ዓይኔን ስለሚወጋው ነው ብያለሁ፣ ጠረጴዛውን ሳዞረው ያቺን ድምጽ ከመሳቢያው ውስጥ ሰማኋት፣ እዚያው ቆሜ ቀልድ ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም።

ሙናን ገበያ አገኛታለሁ፣ "አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ" ትላለች፣ ስለ ዋንዛው አናነሳም። ገጹ በየወሩ ይወጣል። የታተመው ምን እንደሚመስል እኔ አላውቅም፣ መጽሔቱ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ሲመጣ ያንን ገጽ አልገልጠውም፣ አንተም እጅህ ከገባ እንደያዝከው አንብበው፣ ጠረጴዛ ላይ አድርገህ አታዙረው። ገመቹ ግን አሁንም የሙከራ ህትመቱን ባየ ቁጥር "ቴሾ፣ ይሄን ሰውዬ ወደ ካርታው አዙረው" ይለኛል፣ እኔም እሺ እልና አዞረዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ይዞራል።